ስለ ጅቡቲ ከተማ ጎዳናዎችና ስለ ዳርቻዋ መስፋፋት
ለከተማ ነዋሪዎችና ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



የጅቡቲ ስም በኢትዮጵያ ከተሞች ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ሰው አሳብ የሚመጣው ወደቡ ነው። ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ ብረቱ፣ የመኪናው መለዋወጫ በዚያ በኩል ስለሚገባ፣ ነጋዴው ስለ ቀረጡ ይናገራል፤ ሹፌሩም ስለ ሙቀቱና ስለ ወረፋው ያወራል። ስለ ከተማይቱ ጎዳናዎች ግን የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ከጋላፊ በኩል የሚወርደው ሹፌር ወደ ከተማይቱ ሲቃረብ፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት፣ ፒ.ኬ. 12 ከሚባለው ሰፈር መድረሱ አይቀርም። ይህ ስም የሰው ስም አይደለም፤ የወንዝ ወይም የተራራ ስምም አይደለም። በፈረንሳይኛ የመንገድ መለኪያ አነጋገር አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መንገዱን የሠሩት መሐንዲሶች ከከተማይቱ መካከል ያለውን ርቀት ለማመልከት የሰጡት ቁጥር ዛሬ የብዙ ሺህ ሰዎች ሰፈር መጠሪያ ሆኗል። ከእርሱም ወዲያ ፒ.ኬ. 13 አለ፤ ፒ.ኬ. 20ም አለ። አንድ ከተማ ሰፈሮቹን በኪሎ ሜትር ቁጥር መጥራት ከጀመረ፣ ሕዝቡ በአንዲት መንገድ ግራና ቀኝ ተከትሎ እየረዘመ መሄዱን ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ነው፤ ይኸውም አንድ ከተማ ሲሰፋ መንገዶቹ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ ወይስ አይገናኙም የሚለው ነገር የነዋሪውን ኑሮ እንዴት እንደሚወስነው በጅቡቲ ምሳሌነት ማሳየት ነው። ጅቡቲ የተመረጠችበት ምክንያት፣ በአንዲት ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት አሠራር ጎን ለጎን ስለሚታይ ነው። በአንደኛው ክፍል መስመሩ ቀድሞ ሰው ተከተለ፤ በሁለተኛው ክፍል ሰው ቀድሞ መስመሩ እስከ ዛሬ ይከተላል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጅቡቲ የጥንት ከተማ አይደለችም። ፈረንሳዮች በሌዎንስ ላጋርድ አገረ ገዥነት ከኦቦክ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው በደቡቡ ዳርቻ የሠፈሩት በ1888 ነው። ስፍራውም አንድ ወጥ የሆነ ምድር አልነበረም። ከባሕር ወለል ጥቂት ከፍ ያሉ የኮራል ድንጋይ ደልዳሎች፣ ይኸውም ማራቡ፣ ሰርፓንና ጅቡቲ የሚባሉት፣ በውሃና በጭቃ ተለያይተው ይገኙ ነበር። ስለዚህ በመካከላቸው ድንጋይና አፈር እየተሞላ መሸጋገሪያ ተሠራ። ከተማይቱ ገና ከልደትዋ የተያያዘችው በመሸጋገሪያ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ከአፄ ምኒልክ በተገኘው ፈቃድ የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱም በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በመካከለኛው ከተማ ያለው ዋናው አደባባይ በምኒልክ ስም ይጠራ ነበር፤ አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ግን የነጻነቱን ቀን ይዞ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ተብሏል። የቀድሞው ስም ግን ከብዙ ሰው አፍ አልጠፋም።

ከአውሮፓውያኑ ሰፈር በስተደቡብ፣ ዝቅ ባለው ምድር ላይ፣ ለአገሬው ሰዎች የተመደቡት ሰፈሮች ተዘረጉ። እነዚህም ስም አልተሰጣቸውም፤ ካርቲዬ 1፣ ካርቲዬ 2 እየተባሉ እስከ ካርቲዬ 7 በቁጥር ተጠሩ። ጎዳናዎቹም እንዲሁ በቁጥር ይጠራሉ፤ አቬኑ 13 በከተማይቱ ሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። መሬቱን የከፈሉት ሰዎች የነዋሪውን ፈቃድ እንዳልጠየቁ ከዚህ አጠራር መረዳት አያስቸግርም። የቀጥታው መስመር ዓላማም የነዋሪው ምቾት ብቻ አልነበረም፤ ከዳር እስከ ዳር የሚታይ ጎዳና ለዘበኛና ለወታደር ይመቻል። ቤቶቹ ከሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠሩ፣ የተጠጋጉ፣ ዝናብ በመጣ ጊዜም ውሃ የሚተኛባቸው ነበሩ። እነዚህ ሰፈሮች መልካም ሰፈሮች ነበሩ ለማለት አይደለም።

ነገር ግን አንድ እውነት መካድ የለበትም። ለዘበኛ ተብሎ የተዘረጋው ቀጥተኛ ጎዳና ለአዋላጂቱም፣ ለውሃ ሻጩም፣ ለተማሪውም አገለገለ። የሳንቃው ቤት በብዙ ስፍራ ፈርሶ በብሎኬት ተተክቷል፤ ፎቅም የወጣበት አለ፤ ባለቤቱም ተለዋውጧል። መስመሩ ግን አልተለወጠም። በካርቲዬዎቹ ውስጥ የሚኖር ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ አራቱም ማዕዘን መሄድ ይችላል፤ አንዱ መንገድ በድንኳን ቢዘጋ በሁለተኛው ያልፋል። ድሀው ሰፈር ከድህነቱ ጋር ሳለ ይህን አንድ ሀብት አላጣም።

ክቡራን አድማጮች፤ መንገድ ከመንገድ መገናኘቱ በዓይን ግምት ብቻ የሚነገር ነገር ሳይሆን በቁጥር የሚለካ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት፣ ሃቢታት የሚባለው፣ ለአዳዲስ ሰፈሮች የሚሰጠው ምክር ከመሬቱ ከመቶ 30 እጅ ለጎዳና እንዲተው፣ በያንዳንዱም ኪሎ ሜትር ካሬ ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር የመንገድ ርዝመት እንዲኖር ነው። ይህ ቁጥር ሲሰሙት የበዛ ይመስላል። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ቢሠሩት ግን ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘጠኝ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘጠኝ መንገዶች ቢሰመሩ ጠቅላላው ርዝመት 18 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመንገድና በመንገድ መካከል ያለው ርቀት 111 ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ጎልማሳ በሁለት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ይሄደዋል። ዘጠኙ ከዘጠኙ ሲቆራረጡ 81 መስቀለኛ መንገዶች ይገኛሉ።

ዋናው ነገር ርዝመቱ ሳይሆን መስቀለኛው ነው። ያንኑ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ ወስዶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አድርጎ መዘርጋት ይቻላል፤ አንድ ግንድ፣ ከግንዱ የሚወጡ ቅርንጫፎች፣ በያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ግድግዳ። ርዝመቱ አልተቀነሰም። ነገር ግን በአንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ የሚኖር ሰው በአጥር ማዶ የሚሰማውን የጎረቤቱን ድምፅ ለማግኘት ወደ ግንዱ ተመልሶ፣ ግንዱን ተከትሎ፣ በሌላው ቅርንጫፍ መግባት አለበት። 50 ሜትር የሚርቀው ቤት አንድ ኪሎ ሜትር ሊያስኬደው ይችላል። ግንዱም የሁሉ መተላለፊያ ስለሆነ ይጨናነቃል፤ አንድ ከባድ መኪና ቢገለበጥበት ሰፈሩ በሙሉ ይታሰራል።

ጅቡቲ ከካርቲዬዎቹ ወዲያ የሰፋችው እንግዲህ በዚህ በዛፉ መልክ ነው። ምክንያቱንም ለማወቅ ወደ 1966 መመለስ ያስፈልጋል።

በዚያ ዓመት በኦገስት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ደ ጎል ከተማይቱን በጎበኙ ጊዜ ሕዝቡ ነጻነት እየጠየቀ ሰልፍ ወጣ፤ ደምም ፈሰሰ። ከዚህ በኋላ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ሰዎች ከውጭ ወደ ከተማይቱ እንዳይገቡ ለመከልከል 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእሾሃማ ሽቦ አጥር በከተማይቱ ዙሪያ አስተከለ። በአጥሩ ላይ የዘብ ማማዎች ተሠሩ፤ በአካባቢውም ፈንጂ ተቀበረ። መግባት የሚፈቀደው በተወሰኑት ኬላዎች፣ ወረቀት ለያዘ ሰው ብቻ ሆነ። በማርች 1967 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ አገሩ የፈረንሳይ የአፋርና የኢሳ ግዛት ተባለ፤ አጥሩም ቆየ። በሽቦው ሥር ሾልኮ ለመግባት ሲሞክር ሕይወቱን ያጣ ሰው ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ አጥር ሰውን ከመምጣት አያስቀርም፤ የሚቆምበትን ስፍራ ብቻ ይወስናል። ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት ዘላን፣ ጦርነት ያፈናቀለው፣ የወደብ ሥራ ፈላጊው፣ ሁሉም መጡ፤ ሽቦው በከለከላቸው ጊዜም ከሽቦው ውጭ ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ ባለው ጥቁር ድንጋያማ ከፍታ ላይ ጎጆ ቀለሱ። ባልባላ የተባለው ሰፈር ያደገው እንዲህ ነው። በመንግሥት ካርታ ላይ ከተማ አልነበረም፤ ስለዚህ ቀያሽ አልሄደበትም፤ ችካል የተከለ፣ ገመድ የዘረጋም አልነበረም። ቤተ ሰብ በቤተ ሰቡ አጠገብ፣ የመንደር ሰው በመንደሩ ሰው አጠገብ ሠፈረ። በሁለት ጎጆዎች መካከል የቀረችው ስፍራ መተላለፊያ ሆነች፤ ሦስተኛው ሰው በመጣ ጊዜ ያችም ተዘጋች።

አገሪቱ በ1977 ነጻ ስትወጣ የአጥሩ ትርጉም ጠፋ፤ ቆይቶም ሽቦው ተነቀለ፤ ባልባላም የከተማይቱ ክፍል መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ጅቡቲ በሦስት ኮሚዩኖች ስትከፈል ራስ ዲካና ቡላዎስ ከወንዙ ወዲህ፣ ባልባላ ከወንዙ ወዲያ ናቸው። በ2009 የተደረገው ቆጠራ በከተማይቱ 475,322 ሰዎች መኖራቸውን አሳየ፤ በ2024 የተቆጠረው ደግሞ ከ7 መቶ ሺህ በላይ ሆኗል። ይህ ሁሉ ጭማሪ ወደ አሮጌው ከተማ ሊገባ አይችልም። አሮጌው ከተማ በባሕር የተከበበ ነው፤ በደቡቡም በኩል የአውሮፕላን ማረፊያውና በአጠገቡ ያሉት የጦር ሰፈሮች ሰፊ መሬት ይዘዋል። የቀረው በር ወደ ምዕራብ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ባልባላና ከባልባላ ወዲያ ነው።

ሽቦውን ለመንቀል ብዙ ቀን አይፈጅም። ሽቦው የፈጠረውን የከተማ ቅርጽ ለመለወጥ ግን ይኸው ስድሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ገና አልተፈጸመም። የአሮጌው ከተማና የባልባላ መገናኛ በወንዙ ላይ ያሉት ጥቂት መሻገሪያዎች ናቸው። ሥራው፣ ወደቡ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ትልቁ ገበያ በአብዛኛው በአንደኛው ወገን ሲሆን፣ የሠራተኛው መኖሪያ በሌላው ወገን ነው። ጧት በጧት አውቶቡሱና ሚኒባሱ ሰው ጭኖ ይወርዳል፤ ማታ ይመለሳል። የሚኒባሱ ዋጋ ለሀብታሙ ምንም አይደለም፤ ለቀን ሠራተኛው ግን ከደመወዙ የሚቀነስ ግብር ነው፤ በእግሩ እንዳይሄድ ደግሞ ፀሐዩ አለ። በዚያ አገር በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ አገር መንገድ በግማሽ ኪሎ ሜትር ቢያጥር የጤና ጉዳይ ነው።

በሰፈሩ ውስጥም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል። የውኃ ቧንቧ የሚዘረጋው፣ የመብራት ምሰሶ የሚተከለው፣ ቆሻሻ የሚነሣው በመንገድ ላይ ነው። መንገድ ከሌለ ቧንቧው በማን ግቢ ያልፋል? የውኃ ቦቴ ከጉራንጉሩ አፍ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው በጄሪካን ተሸክሞ ይወስዳል፤ ከቦቴው በራቀ ቁጥርም ድካሙም ዋጋውም ይጨምራል። ጅቡቲ በውኃ የተቸገረች ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሃዳጋላ፣ 102 ኪሎ ሜትር በሚሆን መሥመር ውኃ ተስቦላታል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የመጣ ውኃ በመጨረሻው 200 ሜትር ላይ በመንገድ እጦት ምክንያት በሴት ጀርባ ላይ እንዲሄድ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ወይም በሰው ክንድ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ መወሰድ አለባት። ሳንቃና ቆርቆሮ በበዛበት ሰፈር እሳት ቢነሣ፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት ቀዳዳ ከሌለ፣ ነዋሪው በባልዲ ይታገላል፤ ያውም ውኃ ካለው።

እዚህ ላይ ስለ ከባድ መኪኖቹ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል፤ ነገሩ የኢትዮጵያ ሰዎችን በቀጥታ ይመለከታልና። የወደቡ ሥራ ከአሮጌው ማራቡ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዶራሌ ተዛውሯል። በዚያ የነዳጅ ወደቡ በ2006፣ የኮንቴይነሩ ወደብ በ2009፣ ልዩ ልዩ ጭነት የሚራገፍበትም በ2017 ሥራ ጀምረዋል። የአዲሱም የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ሳይሆን በናጋድ ነው። ይህ ሁሉ ከባዱን ጭነት ከመካከለኛው ከተማ ጎዳናዎች አርቆታል፤ መልካም ሥራም ነው። ነገር ግን ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደው አውራ ጎዳና የባልባላና የፒ.ኬ. 12 ነዋሪ ዋና ጎዳናም ሆኖ ይገኛል። አገር አቋራጩ የጭነት መኪናና ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን በአንድ መንገድ ይጋፋሉ፤ ሕፃኑ የሚሄድበት ሌላ ተጓዳኝ መንገድ በሰፈሩ ውስጥ እንዲኖር አስቀድሞ አልተሠራምና። ጥፋቱን በሹፌሩ ላይ ብቻ ማሳበብ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም።

የአምቡሊ ወንዝ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ በዳሩ አትክልት ይተከልበታል፤ የማያውቀው ሰው ወንዝ መሆኑንም ይረሳል። በደጋው ላይ ዝናብ በጣለ ጊዜ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞልቶ ይወርዳል። በኤፕሪል 2004 ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ50 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር መከላከያ ተሠርቷል፤ ቢሆንም በኖቬምበር 2019 በጥቂት ቀናት ውስጥ የወረደው ዝናብ እንደገና ከተማይቱን አጥለቀለቀ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ተጎዱ። ጎርፍ በመጣ ጊዜ መሻገሪያዎቹ ከተቆረጡ ከተማይቱ ሁለት ትሆናለች፤ ሐኪሙ በወዲህ፣ ሕመምተኛው በወዲያ ይቀራሉ። ይህም ብቻ አይደለም። መንገድ ባልተተወለት ሰፈር ውኃውም መንገድ የለውም። በአግባቡ የተሰመረ ጎዳና በዳርና ዳሩ ቦይ ይዞ የዝናቡን ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወስዳል፤ በጉራንጉር ውስጥ ግን ውኃው የሚያልፈው በሰው ቤት ነው።

ይህን ሲሰማ የድሬዳዋ ሰው የራሱን ከተማ ማስታወሱ አይቀርም። ድሬዳዋና ጅቡቲ የአንድ ሐዲድ ልጆች ናቸው። የባቡሩ ኩባንያ በደቻቱ ወንዝ በአንደኛው ወገን ከዚራን በጥላማ ዛፍና በሰፋፊ ጎዳና ሲዘረጋ፣ በሌላው ወገን መጋላ በገበያተኛውና በነጋዴው አሠፋፈር አደገ። ደቻቱም እንደ አምቡሊ አሸዋ ሆኖ ይከርምና በአንድ ሌሊት ወንዝ ይሆናል፤ በኦገስት 2006 ከ200 በላይ ሰዎችን ይዞ ሄዷል። በአዲስ አበባም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከተማይቱ ስትመሠረት መኳንንቱ በየኮረብታው መሬት ተሰጥቷቸው በየግቢያቸው ዙሪያ ሰፈር አበጁ፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚያገናኘው መንገድ ኋላ ነው የመጣው። ብዙዎቹ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ዛሬም ወንዝ ዳር ደርሰው የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ደግሞ በክልል ከተሞች ዳርቻ በሌሊት የሚሠራው የጨረቃ ቤት ባልባላን በአነስተኛ መጠን እየደገመ ነው።

ባልባላን ለማስተካከል የተደረገው ጥረት ጥቂት አይደለም። ዋና ዋና መንገዶች አስፋልት ለብሰዋል፤ መብራት ገብቷል። በ2018 የዓለም ባንክ ለአሮጌው የባልባላ ክፍል ማሻሻያ ገንዘብ ፈቅዷል፤ የጅቡቲም መንግሥት የደሳሳ ሰፈሮችን ነገር ጨርሶ ለማስወገድ ዕቅድ አውጥቷል። ነገር ግን ቤት ከተሠራ በኋላ መንገድ ማውጣት ምን ማለት እንደ ሆነ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ባዶ መሬት ላይ መንገድ ለመተው የሚያስፈልገው ገመድ፣ ችካልና የአንድ ቀያሽ የጥቂት ቀን ድካም ነው። ሰው በሠፈረበት ላይ ግን እያንዳንዱ ሜትር ቤት ማፍረስ ነው፤ ካሳ መክፈል፣ ምትክ ቦታ መፈለግ፣ ክርክር መስማት ነው። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ዕጣው የሚወድቀው እርስዋ ሳታጠፋ መስመር ላይ በተገኘች አንዲት መበለት ላይ መሆኑ ነው። ለመንደሩ ሁሉ የሚጠቅመውን መንገድ አንድ ሰው በቤቱ ይከፍላል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አዲስ ቤት ሠርቶ ሰዎችን ወደዚያ ማዛወርም እንደ መፍትሔ ይታያል። ቤቱ መልካም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ርካሽ መሬት የሚገኘው ሩቅ ስለሆነ፣ ከፒ.ኬ. 12 ወዲያ የተዛወረው የወደብ ሠራተኛ ከጉራንጉሩ ወጥቶ ወደ ረጅሙ ግንድ ጫፍ ገባ እንጂ ከተማ አልቀረበለትም። ቤት ያለ መንገድ ግማሽ ቤት ነው።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱም ሊናቁ አይገባም። አንደኛው፣ ባዶ መሬት ላይ መንገድ አስቀድሞ ማስመር ሕገ ወጥ ሠፋሪን መጋበዝ ነው የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ባልባላ ራስዋ ናት፤ ማንም ሳይጋብዛት፣ እንዲያውም ፈንጂና ሽቦ እየከለከላት መጣች። ሰው የሚመጣው ሥራና ውኃ ባለበት ነው እንጂ ችካል አይቶ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ የነዋሪው ነው። መውጫ የሌለው መንገድ ጸጥታ አለው፤ እንግዳ ሰው አያልፍበትም፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ዘመድ ከዘመዱ ጋር ተጠግቶ ይኖርበታል ይላል። ይህ እውነት ነው። በሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች ለብዙ መቶ ዓመታት ሰውን በሰላም አኑረዋል። ስለዚህ ጠባብ መንገድ ሁሉ ይፍረስ የሚል ዳኛ ትክክል አይፈርድም። የሚፈለገው፣ ጉራንጉሩ በውስጥ እንዳለ ሆኖ፣ በየ2 ወይም በየ3 መቶ ሜትሩ ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ የሚያልፍ፣ መኪናና ቦይ የሚይዝ ጎዳና እንዲኖር ነው። በሰፈሩ መካከል አንዲት እንዲህ ያለች ጎዳና ብትወጣ፣ ሠላሳ የተዘጉ መንገዶች መውጫ ያገኛሉ።

አስቀድሞ የማስመርን ነገር እንደ ሕልም የሚቈጥሩ ሰዎች ካሉ፣ የኒው ዮርክን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1811 ሦስት ሹማምንት የማንሃተንን ደሴት እስከ 155ኛው ጎዳና ድረስ በካርታ ላይ ሲሰምሩ፣ ከተማው በደሴቱ ደቡባዊ ጫፍ ብቻ ነበር፤ የቀረው እርሻ፣ ረግረግና ድንጋይ ነበር። የዘመኑ ሰዎች ተቃወሟቸው፤ ባለ መሬቶቹም ቀያሾቹን ከመሬታቸው ያባርሩ ነበር። ከተማው ያን መስመር ሞልቶ ለማለፍ መቶ ዓመት አልፈጀበትም። ለትንሽ ከተማ ይህን ያህል መድፈር አያስፈልግም፤ ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት የሚበቃውን ማስመር ብቻ ይበቃል።

የሥራውም ዝርዝር ለማዘጋጃ ቤት ከባድ አይደለም። በከተማው ዳርቻ ዛሬ እርሻ በሆነው መሬት ላይ፣ ገበሬው እያረሰው ሳለ፣ ዋና ዋናዎቹ መተላለፊያዎች በካርታ ተሰምረው በመሬት ላይ በሲሚንቶ ችካል ይታወቁ። ነባሩ የከተማ ጎዳና በቀጥታ እንዲቀጥል ይደረግ እንጂ በአዲሱ ሰፈር ድንበር ላይ አይቁም። የጎርፍ መውረጃው ሁሉ ከካርታው ላይ አስቀድሞ ይለይ፤ በርሱ ላይ ቦታ አይመራ። ወንዝ በሚያቋርጥበት ስፍራ፣ ድልድዩ ዛሬ ባይሠራም፣ የድልድዩ ቦታ ከዳርና ዳር ባዶ ይተው። ለገበሬው የሚከፈለው ካሳ በወቅቱ ይከፈል፤ ካሳው የዘገየበት ገበሬ መሬቱን በሌሊት ለጨረቃ ቤት ሠሪ ቢሸጥ የሚያስገርም አይደለም።

ችካሉ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ጠባቂ ያስፈልገዋል። በብዙ ከተሞች እንደሚታየው፣ ካርታው በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ችካሉ ከሜዳው ይነቀላል፤ አጥር በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ ወደ መንገዱ ይገፋል፤ አሥራ ሁለት ሜትር የነበረው ጎዳና በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ሜትር ይሆናል። የቀበሌው ሹም በየሦስት ወሩ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ችካሎቹን በእግሩ እየዞረ ቢቈጥር፣ የጎደለውንም በመዝገብ ጽፎ ለማዘጋጃ ቤቱ ቢያስታውቅ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ረጅም የመለኪያ ገመድ ነው። የሚለካውም ስፋቱ ብቻ ሳይሆን፣ መንገዱ እስከ መጨረሻው ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለው ጭምር ነው፤ በመካከሉ የተሠራ አንድ በር ወይም አንድ የሱቅ በረንዳ ጎዳናውን በሙሉ ዝግ ያደርገዋልና።